አራስ ናት

ማጉረምረሙ የመጣው ከትልቁ የከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ነው። ሚስማር በወተት የራሰ ዳቦ የያዘውን ሳህን እንደጨበጠች ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ቸርኬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ማጉረምረሙ አልቆመም። የቸርኬን ቁጣ ሚስማር ታውቀዋለች። ሌባ ሲያልፍ ወይም ድመት አጥር ላይ ስትወጣ የምታሰማው ድምፅ ጥርት ያለ ነው። ይሄኛው ግን ጉሮሮ ውስጥ አጥንት ተሰንቅሮ በጎኑ ሾልኮ እንደሚወጣ ሻካራና የተሰባበረ ነበር። በጎማው ጨለማ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ። ከዓይኖቹ በታች ደግሞ አንገቷ ላይ የታሰረው ቀይ ጥብጣብ ይታያል።

«ሚስማር! ተያት ብዬሻለሁ!» አባቷ ከሥራ ቤቱ በር ላይ ጮኸ። «አራስ ናት! ሳህኑን እዚያው አስቀምጪና ነይ!»

ሳህኑን መሬት አስቀምጣ በእግሯ ገፋ አደረገችው። የጠዋቱ ሳህን አጠገቡ ነበር። እንዳለ ነው፤ ዝንብ ወርሮታል።

ሚስማር እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከሲታና ረጅም ስለሆነች፣ ምላሷም ስለሚዋጋ አባቷ ያወጣላት ነው። አባቷ ጎሚስታ ነው፤ የተነፈሰ ጎማ ለጥፎ የሚያድር ሰው፣ ሚስማር ማለትን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። «በዓለም ላይ ሚስማር ባይኖር ኖሮ እኛ ጦማችንን ነበር የምናድረው» ይላል፣ ደንበኛ በስሟ በሳቀ ቁጥር። ቸርኬም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሥራ ነው። ቡችላ ሳለች ጎማ የሚገጠምበት የዛገ ቸርኬ መሀል ክብ ሆና ተጠቅልላ ስለምትተኛ፣ ማንም ሳይመክርበት ስሟ ሆኖ ቀረ።

የወለደችው ቅዳሜ ዕለት ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ስትነሳ፣ ስትተኛ፣ መሬቱን ስትጭር፣ ደግሞ ስትነሳ ቆየች። «ዛሬ ትገላገላለች» ብሎ አባቷ አሮጌ ቱታውን ትልቁ ጎማ ውስጥ አነጠፈላት። ሚስማር በደረቷ ተኝታ ሁሉንም አየች። የመጀመሪያው ቡችላ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ እርጥብና ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቸርኬ ሽፋኑን በጥርሷ ቀደደች፤ እትብቱን ቆረጠች፤ ከዚያ ላሰችው፣ ላሰችው፣ ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ላሰችው።

«በላችው! አባዬ፣ በላችው!» ብሎ ታናሽ ወንድሟ ቢንቢ እሪታውን አቀለጠው። አምስት ዓመቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ሥር ጥዝዝ ስለሚል ነው ቢንቢ የተባለው።

«አልበላችውም አንተ! እየሳመችው ነው» አለ አባቱ። ከዚያ ግራሶ የጠገበ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ለቸርኬ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣት። «እንኳን ማረሽ፣ እመት ቸርኬ!»

አምስት ወለደች። ሚስማር እጇን ሰዳ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ቸርኬ አልተቆጣችም። የሚስማርን ጣቶች ከቡችሎቿ ጋር አብራ ላሰቻቸው፣ የእሷም ልጅ እንደሆነች ሁሉ። ጅራቷ በጎማው ግድግዳ ላይ ዷ ዷ ይል ነበር።

ሚስማር አሁን የምታስበው ያንን ጅራት ነው።

ቅዳሜ ያልተቆጣች አራስ፣ ሰኞ ለምን ትቆጣለች?

እሑድ ምግብ አቆመች። እሑድ ቀትር ላይ ቢንቢ ከክምሩ ተለይቶ ጎማው አፍ ላይ የሚንፏቀቀውን ቡችላ ወደ እናቱ ሊመልሰው እጁን ሰደደ። ቸርኬ ሳትጮህ፣ ሳታስጠነቅቅ ነከሰችው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ አውራ ጣቱ ሥር ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት። እናታቸው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ እፍ አለችበት፤ ሳመችውም።

«ማን ንካ አለህ? አራስ ነብር ይነካል?» አለችው። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከቀትር በኋላ ነው ተራዋ።

አራስ ናት። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። አልበላችም፤ አራስ ናት። ታጉረመርማለች፤ አራስ ናት። ነከሰች፤ እንዴ፣ አራስ አይደለች? ቃሉ እንደ ጎማ ልጣፊ ነው፤ ቀዳዳው በታየ ቁጥር አንስተው ይለጥፉበታል።

ግቢው በር ላይ የኋላ ጎማው የተነፈሰ የጭነት መኪና ክሪክ ተደግፎ ቆሟል። ሹፌሩ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ፣ አባቷ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ሲነፋ እያየ ያወጋል።

«ምን ወልዳላችሁ ነው ሰው የማታስጠጋው?»

«አምስት። ትናንት የኔን ትንሹን እጁን ቆንጠጥ አደረገችው።»

ሹፌሩ ወሬውን አቆመ። «ነከሰችው ነው የምትለኝ?»

«ኧረ ጭረት ነው። አራስ ናት አልኩህ።»

«እንደው እንደ ወንድም ልንገርህ ብዬ ነው። ከታች ሰፈር እብድ ውሻ ገብቶ ነበር፤ አልሰማህም? ወር አልፎታል። ቡናማ ነው አሉ፣ ምላሱን ጎልጉሎ ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ። ደብድበው ገደሉት። ግን እስኪገድሉት የነካው ከብት ሁሉ አለቀ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ…» ቢንቢ በሩ ላይ ብቅ ሲል አየውና የቀረውን ዋጠው።

ሚስማር መዶሻውን ለአባቷ ልታቀብል ይዛ ነበር። እጇ ላይ ከበዳት።

ቡናማ። ምላሱን ጎልጉሎ። ያንን ውሻ አይታዋለች። ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ በተከፈተው በር ገብቶ፣ ቸርኬን ጆሮዋን ነክሶ፣ ምንም እንዳላደረገ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ያኔ እናቷ ደንግጣ ነበር። አባቷ ግን ያኔ ያላትን አሁንም ለሹፌሩ ደገመው፤ በጣቱ ወደ ጎማው እያመለከተ፣ «የኛዋ እንኳ ተከትባለች። አንገቷ ላይ ቀዩን አታይም?» አለ።

ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ አየ። ክትባት ሰጪዎቹ ሜዳው ላይ በመጡ ጊዜ ለተከተበ ውሻ ሁሉ ቀይ ጥብጣብ እንዳሰሩ አገር ያውቃል።

«ከተከተበችስ ደግ» አለ ትከሻው እየላላ። «እንግዲህ አራስ ናት።»

ሚስማር መዶሻውን አቀበለችና እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች። ሹሩባዋ ጫፍ ላይ አጭር ቀይ ጥብጣብ ታስሯል። ከቸርኬ አንገት ላይ ካለው ጋር አንድ ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ጥብጣብ የተቆረጡ ናቸው።

*

ታላቅ ወንድሟ ከጎማዎቹ ክምር ጀርባ ተቀምጦ የበረኛ ጓንቱን በጥርስ ብሩሽ ያጥባል። ንስር ይሉታል፤ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው፣ ኳስ ለመያዝ ሲወረወር መሬት የሚነካ አይመስልም።

«ንስር፣ ለአባዬ እንንገረው።»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ብሩሹ ቆመ። ንስር ግራ ቀኙን ገላመጠ። «አብደሻል? ድምፅሽን ቀንሺ!»

«ቢንቢን ነክሳዋለች።»

«ጫር አደረገችው እንጂ መቼ ነከሰችው? አራስ ናት አቦ! ያንቺን ልጅ አንዱ መጥቶ በእግሩ ቢጎትተው ዝም ትያለሽ?»

«ቅዳሜ እኔ ሁሉንም ነክቻቸው ነበር። ላሰችኝ እንጂ አልተቆጣችም። ደግሞ ሹፌሩ ያለው ውሻ… ንስር፣ እሱ ነው። ጆሮዋን የነከሳት ራሱ ነው።»

ንስር ጓንቱን ጨመቀ፤ ውሃው እግሩ ሥር ጠብ ጠብ አለ። ፊቱ ላይ ሚስማር ያልጠበቀችውን ነገር አየች። እሱም ሲያስበው ነበር። እሱም ፈርቷል።

«ቅዳሜ የተጫዋቾች ምርጫ አለብኝ» አለ በመጨረሻ። «የክለቡ አሰልጣኝ ራሱ ነው የሚመጣው። አባዬ ዛሬ ይህን ቢሰማ፣ ቅዳሜ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ ማለት ዘበት ነው። ቅዳሜን ልለፍና ራሴ እነግረዋለሁ። እኔው ራሴ።»

«ዛሬ ገና ሰኞ ነው!»

«እና? አምስት ቀን ምን አላት?» ተነሳ፤ ከሷ በላይ በራስ ይረዝማል። «ደግሞ ምለሻል። ቢንቢ ይሙት ብለሽ ምለሻል። ብታፈርሺ በማን እንደሚደርስ አንቺው ታውቂያለሽ።»

 

ሚስማር በእርግጥም ምላለች። የክትባቱ ቀን ሁለቱ ነበሩ ቸርኬን በገመድ ይዘው ሜዳ የወረዱት። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ውሻ ሁሉ ይናከሳል፤ ከማዶ ደግሞ የንስር ጨዋታ ሊጀመር ፊሽካ ይነፋል። «በሚቀጥለው ዙር ሲመጡ አስከትባታለሁ፤ ዋናው ጥብጣቡ ነው» አለ ንስር። ጥብጣቡን ከሹሩባዋ ፈትታ ግማሹን ቆርጣ የሰጠችው እሷ ናት። ያኔ አስቋት ነበር። ቸርኬ አዲሱን ጌጧን ልታየው አንገቷን ስታዞር ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«እንዳታወሪ። ማይልኝ» አላት ያኔ።

«እናቴን።»

«እሱ አይበቃም። ቢንቢ ይሙት በይ።»

እናታቸው በትንሹ ልጇ ሲማል ብትሰማ ጥፊ ታቀምሳለች። «ማነህ አንተ በልጄ ሕይወት የምትጫወት!» ትላለች። ስለዚህ በቢንቢ የተማለ መሐላ ከሁሉም የጠነከረ ነው። ሚስማርም ዙሪያዋን አይታ፣ ድምፅዋን ቀንሳ አለችው።

«ቢንቢ ይሙት አላወራም።»

*

ሥራ ቤቱ ጥግ፣ ትልቅ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተሠራ የውሃ ገንዳ አለ። አባቷ የተነፋውን ከመነዳሪ እዚያ ውስጥ እየነከረ፣ በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ቀዳዳው ባለበት በኩል አረፋ ይወጣል። ሚስማር ሥራውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ነው ያደገችው።

«ጎማ ያታልልሃል» ይለዋል ሹፌሩን፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደሚለው። «ብትዳብሰው ደህና ነው፤ ጆሮህን ብታስጠጋ ደህና ነው። ውሃ ውስጥ ስትከተው ግን ይናገራል። ውሃ ይሉኝታ የለውም።»

ሚስማር ቆማ ሰማችው። ከዚያ የቸርኬን የውሃ ጣሳ አነሳች። ከገንዳው ሞላችው።

ወደ ትልቁ ጎማ ስትሄድ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ቅዳሜ ቡችሎቹ እንደ ጫጩት ሲንጫጩ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን አንድ ብቻ፣ ያውም ደከም ባለ ድምፅ፣ ቆም እያለ ይጣራል። ከጎማው አፍ ውጭ፣ አፈር ላይ፣ ሌላው ተዘርግቷል። ሚስማር የተኛ መስሏት ነበር። ጉንዳኖች በዓይኑ ላይ ሲሄዱ ስታይ ግን እንዳልተኛ አወቀች። እናቱ አጠገቡ ናት። አልላሰችውም፤ ወደ ውስጥም አልመለሰችውም። ጀርባዋን ሰጥታው የጎማውን ጠርዝ ታኝካለች። ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ከአፏ ይረግፋል።

ሚስማር ጣሳውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችና በረጅም የብረት ቧንቧ ገፋ ገፋ አድርጋ አቀረበችው። «ጠጪ» አለች በሹክሹክታ። «ጠጪ፣ ቸርኬዬ። እባክሽ ጠጪ።»

ቸርኬ ውሃውን አየች። ተነሳች። የኋላ እግሮቿ የሌላ ውሻ እግሮች ይመስሉ ነበር፤ ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳሉ። አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ጣሳው ውስጥ ከተተችው። ጠምቷታል፤ በጣም ነው የጠማት። መንጋጋዋ ተንቀሳቀሰ፤ ጉሮሮዋ ግን አልተከፈተም። ውሃው እንደገባ ተመልሶ በአፏ ጎንና ጎን ወረደ። አብሮት ወፍራም ለሀጭ እንደ ክር ተንጠለጠለ። ደግማ ሞከረች። ደግሞ ወረደ።

ከዚያ ቀና አለችና ሚስማርን አየቻት። ሚስማር የሚታወቅ ሰው የሚታይበትን አስተያየት ጠበቀች። አልመጣም። ቸርኬ በመካከላቸው ያለውን ባዶ አየር፣ ዝንብ እንኳ የሌለበትን አየር፣ ቀጭ አድርጋ ነከሰችው።

ሚስማር ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። ጀርባዋ ከጎማዎቹ ክምር ጋር እስኪጋጭ ድረስ አፈገፈገች።

ውሃው ተናግሯል።

ብትናገር መሐላው፣ ዝም ብትል ንክሻው። በሁለቱም በኩል የቆመው ያው አንድ ልጅ ነው። ቢንቢ አሁን የቤቱ በር ላይ ተንበርክኮ ቡሎን እንደ መኪና እየነዳ፣ በአፉ «ድርርር» ይላል። ቡሎኑን የያዘው በተነከሰው እጁ ነው። ቢናገሩት ምን ይመጣል? ምናልባት ቃል ይገድል ይሆናል፤ ትልልቅ ሰዎችም እኮ ይፈሩታል። ሚስማር ከልቧ ፈራች። ግን ቃል ጥርስ የለውም። ጥርስ ያለው ማን እንደሆነ ደግሞ አይታለች።

ጥብጣቡን ከሹሩባዋ ላይ ፈታችው። ቋጠሮው አስቸገራት።

አባቷ ገንዳው ላይ እንዳጎነበሰ ነበር። ከመነዳሪውን ያዞራል፤ አረፋውን ይፈልጋል። ሚስማር አጠገቡ ቆመችና ጥብጣቡን ውሃው ላይ አስቀመጠችው። ቀዩ ነገር ቀስ እያለ ተዘረጋ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«አባዬ፣ የቸርኬ ጥብጣብ የኔ ነው።»

«እ?»

«የኔ ነው። ከፀጉሬ ነው። ይሄው ግማሹ።» ትንፋሿን ሳበች። «አልተከተበችም።»

አባቷ ጥብጣቡን አየ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ግቢውን አሻግሮ ቸርኬን አየ። ከመነዳሪው ከእጁ አመለጠው፤ ከውሃው ሥር ዘሎ ወጣና ጡዝዝ እያለ፣ ትንፋሹን እየተፋ፣ ተንሳፈፈ። ማንም አልነካውም።

«ውሃ መዋጥ አቅቷታል» አለች ሚስማር። «አይቻለሁ። አንዱ ቡችላ ሞቷል። ያ ቡናማ ውሻ ነው አባዬ፣ ሹፌሩ ያለው ነው ጆሮዋን…»

«ማነው ያሰረው?»

 ከጎማዎቹ ክምር ጀርባ የሚንጠባጠብ ውሃ ተሰማ። ንስር እርጥብ ጓንቱን እንዳጠለቀ ወጥቶ ቆመ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

አባቷ ሲጮህ አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም፤ ሲቆጣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይዞራል። አሁን ግን አልጮኸም። ሚስማርን ያስፈራት እሱ ነው።

«ያንተን ነገር ስመለስ» አለ። «አሁን እናትህን ጥራ። ጤና ጣቢያ ትምጣ በላት። ሩጥ።»

ንስር ሮጠ። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

ሹፌሩ ከሳጥኑ ላይ ተነስቶ ነበር። «ሳሙና!» አለ። «መጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ። ትናንትናም ቢሆን አሁን ይታጠብ። የእህቴ ልጅ የተነከሰ ጊዜ ሐኪሞቹ እንደዚያ ነው ያሉን። አንቺ፣ ውሃ አምጪ! ከገንዳው አይደለም፣ ንጹሕ ውሃ!»

ሚስማር ከቤት ውስጥ ውሃ በጆግ አመጣች። አባቷ ቢንቢን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እጁን ያጥበው ጀመር። ግራሶ የማይለቀው ትልቁ እጅ ትንሿን እጅ አረፋ አልብሶ ያሻታል፤ ያለቀልቃታል፤ እንደገና ያሻታል። ቢንቢ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ በኋላ የአባቱን ፊት አየና እጁን ለቀቀለት።

«ውሻዋስ?» አለች ሚስማር። መጠየቅ አልነበረባትም። መልሱን አውቃዋለች።

 ሹፌሩ ነው የመለሰው። «እኔ ግቢውን ዘግቼ ደጅ እቆማለሁ። ያለ ጎማ ወዴት እሄዳለሁ? ለከብት ሐኪሞቹ ስልክ እደውላለሁ። ማንንም አላስገባም።» ከዚያ ለስለስ ብሎ ጨመረ፣ «ወደ ኋላሽ አትዪ፣ ልጄ።»

በሩን ሲዘጉት ከውስጥ የቸርኬ ጩኸት ተሰማ። መጮህ ነው እንዳይባል አላለቀም፤ ማላዘን ነው እንዳይባል መሀሉ ላይ ተሰበረ። ሚስማር ወደ ኋላዋ አየች። በበሩ ስንጥቅ የሚታየው የጎማዎቹ ጥቁር ክምር ብቻ ነበር። ከዚያ ውስጥ ያቺ አንዷ ቡችላ በቀጭን ድምፅ እናቷን ትጣራለች።

*

ጤና ጣቢያው ከዋናው መንገድ ባሻገር ነው። አባቷ ቢንቢን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይራመዳል፤ ሚስማር ከጎኑ ሱክ ሱክ ትላለች። የተፈታው ሹሩባዋ በየእርምጃው ፊቷ ላይ ይወድቃል።  መንገደኛው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው፤ አንዱ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ አንዷ ልጇን ታስቸኩላለች።

«አንቺንም ልሳሽ ነበር?» አለ አባቷ ድንገት፣ ሳያያት።

«ቅዳሜ። ጣቶቼን።»

አንገቱን ነቀነቀ። «አንቺም ትታያለሽ።» ጥቂት ከተራመደ በኋላ የማትጠብቀውን ነገር አደረገ። ባዶ እጁን ሰዶ ከፊቷ ላይ ፀጉሯን ገለል አደረገላት። ይቅር ያላት አይመስልም። ግን እጁ ሻካራና ሙቅ ነበር።

የጤና ጣቢያው አጥር ሲታይ ቢንቢ ከላይ ጎንበስ አለ።

«መርፌ ነው?»

«አዎ» አለች ሚስማር።

«ብዙ ነው?»

«አንዴ ብቻ አይደለም። ሌላ ቀንም እንመጣለን።»

«ያማል?»

በሩ ላይ ደረሱ። ጥበቃው አባቷን ያናግራል። ቢንቢ እሷን እንጂ ሌላ ማንንም አያይም።

«አያምም በይ» አላት። «ቢንቢ ይሙት በይ።»

ቃሉን ከማን ተማረው ብላ አልጠየቀችም። አፏን ከፈተች። በእርግጥ ቀላል ነበር። ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ለብይ፣ ለከረሜላ፣ ለሳቅ።

«አልልም» አለች። «ያማል። ትንሽ ያማል። እኔ ግን ካጠገብህ ነኝ፤ እጅህን እይዛለሁ።»

ቢንቢ አሰበበት። ከአባቱ ትከሻ ላይ እጁን ወደ ታች ዘረጋላት፤ የተነከሰውን፣ ገና ሳሙና ሳሙና የሚሸተውን።

ያዘችው፤ ተያይዘው ገቡ።